ሦስት ቀን ብዬ ነበር

ሻርጃ፣ የፋብሪካው ሰፈር፣ ቁጥር ዐሥር መጋዘን፣
ሰኔ ላይ ሌሊቱም እንደ ቀን ሲያተክን፣
እኔ ዘበኛው ነኝ፤ በሩን እጠብቃለሁ፤
ከበሩ ጀርባ ግን አገር እሠራለሁ።

የፍሪጅ ካርቶን ነው ብራናዬ የኔ፤
ሁለት ከተማ አለው፣ ቆርማና ሀምበኔ።
በመሐል ተራራ፣ በመሐል ድዋል ወንዝ፤
መልእክተኛ አለኝ ደብዳቤ የሚይዝ፣
ከንጉሡ እልፍኝ ወደ ጦሩ ሰፈር
በቅሎውን ጭኖ የሚወጣ ከበር።
ከቆርማ ሀምበኔ ሦስት ቀን ነው ብዬ፣
በማስመሪያ አሰመርኩት፣ ቀጥ አርጌ፣ ደልድዬ።

ጉል ዘማን፣ የተሳቢው ሾፌር፣ የፔሻዋሩ ሰው፣
ጭነቱ እስኪራገፍ ካርቶኑን አየው።
እሱም ስብርባሪ፣ እኔም ስብርባሪ ዐረብኛ ይዘን
በዚያች ነው ሌሊቱን የምንመዛዘን።
«ሦስት ቀን?» አለና ጣቱን አኖረበት፣
ማስመሪያዬ ጋራን ከበረቀሰበት።

«ጭኖ ነው ወይስ ባዶ?
በየትኛው ወር ነው? ወንዙ ሞልቶ ነው ጎድሎ?
በቅሎዋ የት ትጠጣለች?
ኬላው ላይ ቀራጩ ማነው? ስንትስ ይቀበላል?
ይሄ የወፍ መንገድ ነው፣ ወዳጄ። ሰው በዚህ አይሄድም።»

አፈርኩ። የሲራራ ነጋዴ ልጅ ልጅ ነኝ፤
ስሙን ብቻ የወረስኩ፣ ድካሙ ያልገባኝ።

እስክሪብቶ አይጠፋም። በማግስቱ ሌሊት
በማሸጊያ ፕላስተር ላዩን ለጠፍኩበት።
ከዚያም ከውኃ ጀመርኩ።
መንገድ ውኃን ይከተላል፣ ከተማም መንገዱን፤
እኔ ግን ገልብጬ ሠርቼው ነበር ሁሉን።
አንድ ቀን ማለት ነው ከጕድጓድ እስከ ጕድጓድ፣
አጋሰስ ተጭኖ፣ እያዘገመ፣ ሲራመድ።

ከተራራው ሥር ላይ መበለት ነበረች፣
«እርሻዬን አትርገጡ» ብላ የጮኸች።
ሰባት ንጉሥ አልፎ፣ እሷም አፈር ሆና፣
ዛሬም ይዞራታል መንገዱ በትሕትና።

ድዋልን የሚያሻግር አንድ ታንኳ አለ፤
ቀዛፊው ለቅሶ ሄዷል እየተባለ
ሁለት ቀን ይታደራል።

ቀጥ ብሎ የሚሄድ ዘንዶው ብቻ ነው፣ ክንፍ ስላለው፤
እሱም በክረምት ይዞራል፣ ጋራውን ጉም ሲሸፍነው።

ደመርኩት፤ ዐሥራ አንድ ቀን፣ በበጋ፣ በጭነት።
መልእክተኛዬ ሲደርስ ውጊያው አልቆ አገኘው፤
አሞራ ነበር የተቀበለው።
ደብዳቤው «አትዋጉ» ይል ነበር።
ታሪኬ ተበላሸ።
ወይም ያን ጊዜ ነው ታሪክ የሆነው፤ አላውቅም።
ለጉል ዘማን ስነግረው ዝም አለ፣ ብዙ ቆየ፣
«የቀዛፊው ሟች ማን ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ።
እሱን አላሰብኩበትም ነበር።

ሐሙስ ጧት ፈረቃዬን አስረክቤ ተኛሁ።
ስመለስ ካርቶኑ የለም።
ፎርክሊፍት ነጂው ሞተር ጠቅልሎበታል፤
ወደ ሶሐር ተጭኗል፣ በጉል ዘማን ተሳቢ።
ሳያውቅ ይሆን፣ እያወቀ?
አገሬ ከነጕድጓዱ፣ ከነታንኳው፣ ከነለቅሶው፣
በብሎንና በቅባት ታጅቦ ድንበር ሊሻገር።

ከዚህ ሶሐር ስንት ነው? ስልኬን ጠየቅኩት።
«ሦስት ሰዓት» አለኝ፣ ሰማያዊ መስመር ስቦ።
«ጭኖ ነው ወይስ ባዶ?» አልኩት።
ኬላው ላይ ሰልፉ ስንት ነው? ማኅተም የሚመታው ምሳ ወጥቶስ ቢሆን?
በዚህ ሐሩር ጎማ ስንቴ ይፈነዳል?
ሾፌሩ የት ይሰግዳል፣ የትስ ጎኑን ያሳርፋል?
ስልኬ መልስ የለውም። የዘንዶ ዘመድ ነው።

በእኔ ስሌት ነገ ማታ ነው፣ ከዒሻ በኋላ።
ፕላስቲክ ወንበሬን ወደ አስፋልቱ አዞርኩት።
ይዘግይ ግድ የለም፣ ቀስ ብሎ ይንዳው፤
የዚያችን የመበለት እርሻ ብቻ እንዳይረግጥ ጎማው።